ቀዝቅዞ የተበላው ሾርባ

አንድ አናጢ ነበረ፤ እጁ የቀና፣ ጆሮው ግን ትንሽ ከበድ ያለ። ሚስቱን የቀበረው ልጃቸው ገና ፊደል ሲቆጥር ነው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በአንድ ግቢ ሁለቱ ብቻቸውን ኖሩ።

አትቁነጥነጥ ልሳነወርቅ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ጓደኛህ ሕፃን ልጁን ቀብሯል። አንተ ወልደህ አታውቅም። «ሐዘኑ ሳይገባኝ ቤቱ ሄጄ ምን እላለሁ?» ብለህ ነው የመጣኸው። ከቀብሩ ወዲህም በደጁ ላለማለፍ በወፍጮ ቤቱ በኩል እየዞርክ እንደምትሄድ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ገና አልደከመም። ስም ያወጣልህ ሰው ምን አይቶ ልሳነወርቅ እንዳለህ እንጃ። ለማንኛውም ተቀመጥና የአናጢውን ነገር ስማ።

የአናጢው ልጅ አደገና ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረ። ፋብሪካው ሠራተኞቹን ስፌት የምታሠለጥን ሴት ከጥቂት ባልደረቦቿ ጋር ከቬትናም አስመጥቶ ነበር። ቬትናም የት ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ በምሥራቅ በኩል ነው፣ በጣም በምሥራቅ። ልጁ ክር እያቀበላት፣ እሷ መርፌ እያሳየችው፣ መጨረሻቸው ጋብቻ ሆነ። ሥልጠናው ሲያልቅ አብረዋት የመጡት ወደ አገራቸው ተመለሱ። እሷ አናጢው ግቢ ቀረች።

አማትና ምራት ብዙ አይነጋገሩም ነበር፤ በምን ቋንቋ? እሷ ከአማርኛ «እሺ»ን፣ «ና»ን፣ «ብላ»ንና «ደህና ነኝ»ን ታውቃለች። እሱን ከባሏ አፍ ሰምታ «አባ» ትለዋለች። እሱ የእሷን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቅም። ግን ጠዋት ጠዋት እሱ በረንዳው ላይ እንጨት ሲልግ፣ እሷ አጠገቡ የስፌት መኪናዋን ታስጮሃለች። አንዳንዴ ሁለቱም እኩል ዝም ይሉና ቀና ብለው ይተያያሉ፤ ከዚያ ደግሞ ወደየሥራቸው። ደህና ቤት ነበር።

እሷ ነፍሰ ጡር ሆና ልትወልድ ስትቃረብ፣ ፋብሪካው ባሏን ለሥራ ሌላ ከተማ ላከው። እሱ በሌለበት ከአገሯ ስልክ ተደወለ። እናቷ ሞተች።

ሐኪሙ በዚህ ሆድሽ አውሮፕላን ላይ አትወጪም አላት። እናቷን ሳትቀብር ቀረች። ክፍሏ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። አላለቀሰችም። አልበላችም። አናጢው ቢያንኳኳ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ሳትዞር። እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው፤ ውስጥ ሁለት ነፍስ የያዘች ሴት ምግብ አቁማለች፣ በሩ ላይ ደግሞ አንድ ግራ የገባው አናጢ ቆሟል።

ግራ የገባው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ሴቶቹ እንደ ወጉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። እሷ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየቻቸው። እናቷን አንዳቸውም አይተዋት አያውቁም፤ ማን ሞቶባቸው ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ደንግጣ ተነሣችና ውኃ አመጣችላቸው። ልቅሶው ተቋረጠ። ሐዘንተኛ ለአልቃሽ ውኃ ስትሰጥ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ተቀብለው ጠጡ።

ከዚያ ከሻንጣዋ ነጭ ጨርቅ አወጣችና ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። በአገሯ የሐዘን ምልክት ነው። የሰፈሩ ሴቶች ግን ግንባሩን ያሰረ ሰው ምን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ራሱን አሞታል። አንዷ ሮጣ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። ሌላዋ የራስ ምታት ክኒን አመጣች፤ ሦስተኛዋ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ብላ ተቆጣች። ሐዘንተኛዋ በመካከላቸው ተቀምጣ፣ ቅጠሉን ግንባሯ ላይ ሲያሹባት ዝም ብላ ታያቸው ነበር። ይሄ ደግሞ የእነዚህ ሰዎች የሐዘን ደንብ ይሆናል ብላ ታግሣቸው ነው እላለሁ።

እዝን መጣ። ሐዘን ቤት እሳት አይነድም ብለው ጎረቤቶች ምግብ በየተራ ተሸክመው መጡ፤ ንፍሮው፣ ሽሮው፣ ምስሩ። ሁሉንም በሁለት እጇ እየተቀበለች «እሺ» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው፣ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አናጢው ለልጁ ደወለ። ልጁ መኪና ውስጥ ነበር፣ ወደ ቤት መንገድ ጀምሯል፤ ግን ሩቅ ነው።

«ምን ላብላት?» አለ አባት፣ ጆሮው ስለሚከብደው ግቢው በሙሉ እንዲሰማ አድርጎ።

«እናቷ የምትሠራላት የሥጋ ሾርባ አለ አባዬ። ስለ አገሯ ስታወራ ሁልጊዜ እሱን ነው የምታነሣው።»

«እኔ ከየት አውቄው?»

«ቀላል ነው። በደንቡ ቢሆን አጥንቱ እሳት ላይ ውሎ ያድራል፤ አንተ አጭሩን ሥራ። ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ከነልጣጩ ፍም ላይ አስቀምጥና አሳርር።»

«እንዳላሳርር?»

«አይደለም፣ አሳርር።»

አናጢው ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ መልሶ ለጠፈው። ልጁ ቅመሙን ነገረው፣ ቅጠሉን ነገረው፣ የማይገኘውን በምን እንደሚተካ ነገረው። በሁለት ቀጫጭን እንጨት እንደሚበላም ነገረው። «ሥጋውን ደግሞ» አለ በመጨረሻ፣ «ሳስ ሳስ አድርገህ ቁረጥና ጥሬውን በየሳህኑ አድርገህ...»

እዚህ ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ቢደውል፣ ቢደውል አልገባ አለ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ወይም የተስተካከለው እዚህ ላይ ነው፤ እስካሁን አለየልኝም።

ቀኑ ፍስክ መሆኑ በጀው። ቅልጥም ያለበት አጥንት፣ ከሽንጥ ደግሞ ቀይ ሥጋ ገዝቶ ገባ። እትዬ አስካለ የምትባል ጎረቤት ነበረች፣ ሐዘንም ሠርግም ያለ እሷ ጭልፋ የማይሆን። እጅጌዋን ሰብስባ መጣች።

«ቁሌቱን ልጣል?»

«ቁሌት የለውም።»

«በርበሬስ?»

«የለውም።»

«ቅቤ?»

«አላለኝም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምንሠራው?»

አናጢው ወደ እሳቱ ዞረ። አጥንቱን በትልቅ ድስት ጥዶ፣ የመጀመሪያውን አረፋ ገፎ፣ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ፍም ላይ አስቀመጠ። ጭሱን ያየችው እትዬ አስካለ ከጓዳ ስትሮጥ መጣች፣ «ወንድ እሳት አጠገብ ሲቆም እንዲህ ነው» ብላ ጥቁር የሆነውን ሽንኩርት አመድ ላይ ወረወረችው። አናጢው ከአመዱ ለቀመ፣ ልጣጩን ፈገፈገ፣ አጠበ፣ ድስቱ ውስጥ ጣለ። እሷ አማተበች።

ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ድንብላል በደረቁ ትንሽ አመስ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረና ጨመረ። በአገሯ ኮከብ የሚመስል ቅመም አላቸው አሉ፤ እሱ ስለሌለ ሽታው ይቀርበዋል የተባለውን እንስላል ተካ። ዓሣ አብላልተው የሚያወጡት ጨዋማ ውኃም ነበረበት፤ እሱ የትም አልተገኘም፣ ጨው ተደረገ። ከሩዝ ዱቄት በሚሠራው ክር መሳይ ነገር ፈንታ ቀጭን ፓስታ ተቀቀለ። የበሶብላ ቅጠል ከነእርጥቡ ተቀነጠሰ፣ ቃሪያ ተከተፈ፣ ሎሚ ተሰነጠቀ። እትዬ አስካለ በሶብላውን አንሥታ «ይሄ እኮ ደርቆ ከበርበሬ ጋር የሚፈጭ ነው፤ እንደ ጎመን ሊበላ ነው?» አለች። እንጃ አላት። በዚያን ቀን አናጢው ብዙ ጊዜ የተናገረው ቃል እንጃ ነው።

አንድ የሚያውቀው ነገር ብቻ ነበር። ከወይራ ቁራጭ ሁለት ቀጫጭን እንጨት ላገ፣ ጫፋቸውን አሾለ፣ ከንፈር እንዳይቧጭሩ በሸካራ ወረቀት ደጋግሞ አለሰለሳቸው። እነሱን ሲሠራ እጁ አልተጠራጠረም።

ከዚያ ሥጋውን ሳስ ሳስ አድርጎ ቆረጠ፣ ጎድጓዳ ሳህኖች የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፣ ልጁ እንዳለው ጥሬውን በየሳህኑ አደረገ። አደረገና ቆመ። ቀጥሎስ?

በዚህ መሐል ሐዘን ሊያስረሱ የመጡት የሰፈር ወንዶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሳህኖቹን አዩ። አናጢው «ጥሬውን በየሳህኑ አድርግ ነው ያለኝ» አላቸው።

«ለቅሶ ቤት ጥሬ ሥጋ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እንደ አገራቸው ነዋ» አለ ሌላው። «ለካ እነሱም ጥሬ ይበላሉ። አሁን ባንነካላት እናቷን እንደ ናቅንባት አትቆጥረውም?»

ይሄ ሁሉንም አሳመናቸው። አንዱ እቤቱ ሄዶ ሚጥሚጣ አመጣ። ስቀው አልበሉም ልሳነወርቅ፤ ፊታቸውን አጥቁረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሐዘን እንደሚደርስ ሰው ነው የበሉት። ኮሶ ይዞት ጥሬ ሥጋ ከተወ የቆየ ሰው ነበር፤ እሱ እንኳ «ለሰው እናት ነው» ብሎ ጎረሰ። ሽማግሌውም ተከተሉ። ሳህኖቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። የቀረው አናጢው ለምራቱ ለይቶ፣ ሁለቱን እንጨት አጠገቡ አድርጎ ያስቀመጠው አንድ ሳህን ነው።

እኒህ ሰዎች ያላወቁት፣ የቃጠሎው፣ የቀረፋውና የአጥንቱ ሽታ ተቀላቅሎ በበሩ ሥር ክፍሏ ገብቶ ነበር። ንፍሮና ሽሮ ያላዞሯትን ሴት እሱ ከግድግዳው አዞራት። በሩ ተከፈተ። ግንባሯን በነጭ እንዳሰረች፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወጣች። ድስቱን አየች። ፓስታውን አየች። ከዚያ ጣታቸው ሚጥሚጣ የነካካውን፣ አፋቸው ጥሬ ሥጋ የያዘውን ወንዶች አየች። ማንም አላኘከም።

ወደ ድስቱ ሄዳ ጭልፋውን ከእትዬ አስካለ እጅ ወሰደች። በቀረው ሳህን፣ በሥጋው ላይ ትንሽ ፓስታ አደረገች። የሚፈላውን መረቅ ቀድታ ከላይ አፈሰሰችበት። ቀዩ ሥጋ ዓይናቸው እያየ ነጣ፣ በሰለ። ጥሬው ለምን በየሳህኑ እንደተደረገ ያን ጊዜ ተገለጠ፤ ለካ መረቁ ሊያበስለው ኖሯል። ሽማግሌው አፋቸው ውስጥ ያለውን ይዋጡት ይትፉት ጨነቃቸው።

የሴትየዋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየም።

በሶብላውን በተነች፣ ሎሚ ጨመቀች። ግን አልበላችም። ሳህኑን ወስዳ ማንም ያልተቀመጠበት ዱካ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱን የወይራ እንጨት አንሥታ በጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ የሳህኑ አፍ ላይ አጋደመቻቸው። እጆቿን ገጥማ ራሷን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ዱካው ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

በአገሯ ሰው ሲሞት የመጀመሪያው ሳህን የሟች ነው። ሟች እስኪጠግብ ይጠበቃል፤ ከዚያ ቋሚው ያንኑ ያነሣና ይበላል። ይሄን አሁን እኔ እነግርሃለሁ እንጂ በዚያ ግቢ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አናጢው ያየው፣ ምራቱ የሠራላትን ምግብ ወስዳ ባዶ ዱካ ላይ ጥላው እንደተቀመጠች ብቻ ነው። አበላሽቼዋለሁ አለ በልቡ፤ ሽንኩርቱ ነው፣ ፓስታው ነው፣ ሥጋውን አስበልቼባታለሁ። ተነሥቶ ሳህኑን ሊያነሣ፣ ቢያንስ መልሶ ሊያሞቀው እጁን ዘረጋ።

እጁን ያዘችው።

«አባ» አለችው። «ና።» ወደ ታች ሳበችው።

አናጢው ጉልበቱ እየተንቋቋ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለምን እንደተቀመጠ አልገባውም። ምን እንደሚጠብቁ አልገባውም። ግን እጁን አልለቀቀችም፣ እሱም አላስለቀቀም። እትዬ አስካለ ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታ ተቀመጠች። ወንዶቹም እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ፣ አንዱ አንዱን እያየ፣ ዱካውን ከበው ቁጭ ቁጭ አሉ። አንድ ሳህን ሾርባ ለምን እንደሚጠበቅ ሳያውቅ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ብታይ ትስቅ ነበር። እንፋሎቱ እየሳሳ ሄደ። መረቁ ላይ ስብ ረጋ። እትዬ አስካለ አንዴ «ሊቀዘቅዝ ነው እኮ» አለች።

ጨርሶ ሲቀዘቅዝ ሴትየዋ ሳህኑን አነሣች። በሁለቱ የወይራ እንጨት መብላት ጀመረች። ፓስታው እያሟለጨ አስቸገራት፣ ግን በላች። ገሚሱ ላይ ስትደርስ አቆመች። «ማ» አለች፣ በቀስታ።

በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። አስተርጓሚ አላስፈለገም። ከስልኩ ቀን ጀምሮ ያልመጣው እንባ መጣ፤ ሴቶቹም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ያላዩዋትን እናት አብረዋት አለቀሱላት። እያለቀሰች በላች፣ እየበላች አለቀሰች፣ ሳህኑን ጨረሰችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላ ጠርጋ ተነሣችና ሌላ ሳህን ቀድታ ለአናጢው ሰጠችው። ሥጋ የለበትም፤ ሥጋውን ጎረቤት ጨርሶታል። «ብላ» አለችው። በላ።

ልጁ ሲደርስ «እንዴት ሆነላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አናጢው «እንጃ» አለ፤ «ቀዝቅዞ ነው የሚበላው መሰለኝ።» ልጁ ደንቡን ቢያስረዳውም ያ ከበድ ያለ ጆሮው የሰማ አይመስለኝም። ሰፈሩም አልሰማም። ሴትየዋ ሴት ልጅ በወለደች ጊዜ እትዬ አስካለ ሾርባውን ራሷ ሠራች፣ ሽንኩርቱንም ራሷ አሳረረች፤ ከዚያ ሆን ብላ አቀዝቅዛ፣ ጥሬ ሥጋውን ከነሚጥሚጣው ለብቻ ይዛ፣ ሐኪም ቤት ድረስ ተሸክማ ሄደች። ጥሬውን ባልየው በላው። ሾርባውን ግን አራሷ በሁለት እጇ ተቀብላ «እሺ» አለች፤ ቀዝቃዛውን፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

አየህ ልሳነወርቅ፣ ጓደኛህ እንደዚያች ሴት ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። አንተ ደግሞ አናጢው ነህ፤ የመስመሩን ግማሽ ሰምተህ ግማሹ የተቋረጠብህ። ልጅ የሞተበት ሰው ሐዘን አልገባኝም አልከኝ። እውነትህን ነው፤ ወልደህ ብትቀብር እንኳ የአንተ ይገባህ ይሆናል እንጂ የእሱ አይገባህም። አናጢውም አልገባውም። ያቺ ሴት ግን እጁን የያዘችው ስለገባው አይደለም፤ እጁ እዚያ፣ አጠገቧ ስለነበረ ነው። በወፍጮ ቤቱ በኩል እየዞረ ቢሆን ኖሮ ምኑን ትይዘው ነበር?

ትሳሳታለህ። መናገር የሌለብህን ትናገራለህ፤ ጥሬውን ትበላለህ። ይሁን። ዛሬ ጾም ነው፣ ሾርባ አይሆንም ብለህም ደግሞ ሰበብ እንዳትፈጥር፤ ባዶ እጅህንም ቢሆን ሂድ። ሐዘኑ እስኪገባህ ደጅ ቆመህ አትጠብቅ፤ የሚገባው አንተ ነህ። ግራ ገብቶሃል? ይግባህ። ግራ እንደገባህ ግባ።